ለአልበሙ የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ

ጂዳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ቶይባ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ አንቺንም እማንም በሰላም ያቆይልኝ፤ የስፌት መኪናሽንም ከመሰበር ይጠብቅልሽ። እኔ አልሀምዱሊላህ አለሁ። ወገቤን ያመኛል፤ እሱም በሽታ ሳይሆን የማዳም ቤት ደረጃ ነው። አራት ፎቅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምወጣ ስቆጥር ይብስ ስለሚደክመኝ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። በስልኩማ እማ አጠገብሽ ተቀምጣ፣ አንቺ ድምፁን ለቀሽው፣ እኔ «ደህና ነሽ ወይ?» እሷ «ደህና ነኝ» ስንባባል የአርብ ሰዓቴ ያልቃል። እናንተ ጋ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ፎቶ መላላኩም ቀርቷል። እሷ ፊት የማይባለውን እንዲህ በወረቀት እንባባል። ዓዲላ ልብስ እየነገደች በየጊዜው ስለምትመላለስ በእሷ እጅ እልካለሁ፤ መልሱንም ለእሷ ስጫት።

ሐኪሙ ስለ እናቴ ልብ የነገረሽን «ትንሽ ደከም ብላለች» ብለሽ አቀለልሽልኝ። አንቺ «ትንሽ» ስትይ ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋኝም። የእህቷ ልጅ ብትሆኚም ከእኔ ጋር አንድ ጉያ ውስጥ ነው ያደግሽው፤ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል። ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው።

በወተት ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አሉ አይደል? እማ «ፎቶ የተሰቀለበት ቤት መላእክት አይገቡም» ብላ አንዱንም ግድግዳ ላይ አላወጣችው። ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ እርስ በርስ ተጣብቀዋል ብለሽኛል። ለሙሽሮቹ እንደምትሠሪው አድርገሽ አንድ አልበም አልብሺልኝ። አልበም ሲከደን ስለማይታይ እማም አትቆጣም። ስም መጥራት በምትችልበት ጊዜ ሰዉን አንድ በአንድ ጠይቀሻት ከፎቶው ጀርባ ጻፊልኝ። ሲያልቅ ወደ እኔ ላኪው። ስልኬ ባለፈው ወር ጠፍቷል፤ አንድም የእሷ ፎቶ እጄ ላይ የለም።

በጥቅሉ ውስጥ ቀይ ከፋይ፣ ዳንቴል፣ ሪባን፣ ዶቃና ብልጭልጭ አለልሽ። ጥቅሉን ግን እማ ራሷ ብትፈታው ደስ ይለኛል። ከአንቺ እጅ የሚወጣው እንደሚያምር እኔ አልነግርሽም፣ ከሚሴ በሙሉ ያውቀዋል።

እህትሽ ረቢአ


ከሚሴ፣ ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢአ፣

ወአለይኪ ሰላም ወረህመቱላህ። አከም ጅርታ? እኛ ረቢ ይመስገን ነጋ፣ ሰላም ነን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ መንገዱ ተዘግቶ ዓዲላ ደብረ ብርሃን ላይ ስምንት ቀን ከተቀመጠች በኋላ ነው። ሴትዮዋ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ «ሁለተኛ ዕቃ አልሸከምም» ብላ ጮኸችብኝ። ነገ ተመልሳ እንደምትሸከም ሁለታችንም ስለምናውቅ ሻይ ቀዳሁላት።

እናትሽ የዚያን ጊዜ ጨፋ ሮቢት ነበረች። ወንድሟ ዓብዱ «ማሽላው ሲታጨድ እያየች ትንፋሿ ይመለስ» ብሎ ሦስት ሳምንት ወስዷት ነበር። እሷ እስክትመጣ ጥቅሉን ላስቀምጠው አስቤ ነበር፤ ግን እኔን ታውቂኛለሽ፣ ያልተፈታ ጨርቅ ቤት ውስጥ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፈታሁት፣ አትቀየሚኝ።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ፤ ከአንቺ ሌላ የሚሰማኝ የለም። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ አላቀቅኳቸው። ሦስቱ አልዳኑም። አባትሽ ጨፋ ሜዳ ላይ የቀዩን በሬ ቀንድ ይዞ የቆመው ድኗል፣ በሬው ግን ጀርባው ተልጧል። አንቺ አራተኛ ክፍል ሆነሽ አፍንጫሽን ያጨማደድሽበት እንዲሁ እንዳለ አለ፤ አላህ አንዳንዱን ነገር ሆን ብሎ ያቆየዋል።

ካርቶኑ ላይ ስስ ስፖንጅ ዘርግቼ ከፋዩን ወጥሬ አለበስኩት። ኮላ በከፋይ ላይ ሲደርቅ ጠባሳ ስለሚተው በእጄ ነው የሰፋሁት፤ ጣቴ ተበሳስቷል። ዳንቴሉን ዙሪያውን ሰፋሁበት፣ ዶቃውን ጥግ ጥጉ ላይ ተከልኩት። ብልጭልጩን ግን ቀነስኩት። አዲስ ሙሽሮች «ጨምሪበት፣ ጨምሪበት» ይሉኛል፤ ይሄ የአንድ ቤተሰብ አልበም ነውና ልክ ይኑረው ብዬ ነው።

ከጥቅሉ ሥር ለብቻው በናይሎን የታሰረውን ነጭ ጨርቅ ስፈታ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ልስልስ ጥጥ እኛ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ስምንት ሜትር ይሆናል። «ለገበር ስምንት ሜትር የሚልክ ሰው! ረቢአ ድሮም የጨርቅ ልክ አታውቅም» ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ፎቶዎቹ ዳግም እንዳይጣበቁ ሃያ አራቱም ገጽ መሃል አንድ አንድ ቁራጭ አስገባሁ፤ በኮላ ነው ጫፉን የያዝኩት። አልበሙ የሚገባበት ከረጢትም ሰፋሁ። የቀረውን በቀጭን በቀጭን ቀድጄ ለዙሪያው ሽንሽን አደረግኩት። ሽንሽን ጨርቅ እንደሚበላ ታውቂያለሽ፤ አንድ ክንድ እንኳ አልተረፈኝም።

እናትሽ ስትመጣ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። እጇን ታጥባ ከፈተችው። የሞተውንም ያለውንም በስሙ ጠራች፣ እኔም ከጀርባው ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ሳቀች። ኋላ ነጩን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰችውና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ረቢአ ናት የላከችው።»

«በማን?»

«በዓዲላ።»

አልበሙን ከደነችው። እራቷንም አልበላችም። የፎቶው ነገር ይሆናል፣ ኃጢአቱ ትዝ ብሏት ይሆናል ብዬ አልነካካኋትም። መንገዱ ሲረጋጋ እልክልሻለሁ፤ አሁን ብልከው የትኛው ኬላ ላይ እንደሚቀር አይታወቅም።

እኔ እንደሆንኩ ሥራ ሰልችቶኛል። መብራቱ ሲመጣ እኔ እደክማለሁ፣ እኔ ስነሳ መብራቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ደህና መቀስ ላኪልኝ።

ቶይባ


ጂዳ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ቶይባ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን የእቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስለ አፍንጫዬ ያልሽው ላይ ስስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ስደርስበት ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ማዳም ከላይ «ምንድነው?» ብላ ጮኸች፤ «ምንም» አልኳት።

እንዲህ ነው ነገሩ። የዛሬ ሦስት ዓመት እማ በስልክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንቺ ገበያ ወጥተሽ እያለ ነው፣ «መካ የመድረስ ዕድል ከገጠመሽ አንድ ነጭ ጨርቅ የዘምዘም ውኃ አስነኪልኝ» አለችኝ። «ለቶይባ እንዳትነግሪያት፤ እሷ እያገላበጠች እያስታመመችኝ እኔ መቃብሬን የማስብ ይመስላታል» ብላ አስማለችኝ። እኔም ለአንቺ ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው።

በዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ ኡምራ ያደረግኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማዳም ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን ፈቀደችልኝ። መካ ላይ ሌላው ሰው ሲያርፍ እኔ ጨርቅ ስመርጥ ዋልኩ። ዘምዘም ውስጥ ነከርኩት፤ የማዳም ቤት ሰገነት ላይ አሰጣሁት፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ሳጣጥፈው ያለቀስኩትን አላህ ያውቃል። የእናቴ ከፈን ነበር ቶይባ። አንቺ ሽንሽን አደረግሽው።

ተናድጄብሽ ነበር። ሦስት ቀን ለራሴ እየተሳደብኩ ዋልኩ፤ ስድቡ ለአንቺ ነበር። ኋላ ግን ለማን ነው የምቆጣው አልኩ። በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር «ነጩ ለእማ ነው፣ አትንኪው» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሳጥን ውስጥ በክብር ይቀመጥ ነበር። ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቻለሁ። እናቴ በሕይወት እያለች፣ ዓዲላም አንብባ ለጎረቤት ልታወራው እየቻለች፣ ያንን ቃል እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እጄ እምቢ አለኝ። እማ ራሷ ትፈታዋለች ብዬ ተውኩት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አትንገሪያት። ገበር ነው ብላ እንደገመተች ትቅር። እኔ ሌላ እልክላታለሁ፤ ማዳም ለረመዳን እንደገና ትፈቅድልኝ ይሆናል። ልቧ እስከዚያ ይጠብቀኛል ወይ? አንቺ እውነቱን ጻፊልኝ። ቀጭኑን ድምፅሽን በወረቀት ላይ አልሰማውምና ብትዋሺኝ አላውቅብሽም።

መቀሱን ልኬልሻለሁ። አሁን ሳስበው መቀስ መላኬ ራሱ ይገርመኛል።

ረቢአ


ከሚሴ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ረቢአ፣

አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ሱቄ ውስጥ አነበብኩትና ዘግቼ ወጣሁ። ልኬ ካልተወሰደ ብላ የመጣች ሙሽራ በሩ ላይ ቆማ ስትጣራ ሰምቻለሁ፤ አልመለስኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አስገብቼ አላውቅም። ይሄንንም ለክቼዋለሁ። የለካሁት ለአልበም ነው እንጂ።

«አትንገሪያት» ብለሽኛል። እሷ ግን ከመጀመሪያው አውቃለች፤ ያሸተተችው ለዚህ ነበር። የመካን ሽታ እኔ የሳሙና ነው ብዬው ነበር። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ያበጠ እግሯን እያሸሁ «አክስቴ፣ አጥፍቼአለሁ፤ ከፈንሽን ነው የቆረጥኩት» አልኳት።

«ዺሲ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ፤ ተይው ልጄ ማለቷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስላንቺም አንድ ነገር ተናግራለች፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ከረጢቱን ተረተርኩት፣ ሽንሽኑን ተረተርኩት፣ ከሃያ አራቱ ገጽ መሃል ቁራጩን ሁሉ አወጣሁት። ከረጢቱና ሽንሽኑ በክር ብቻ ስለተያዙ ደህና ናቸው። የገጾቹ ግን ኮላው ጫፋቸው ላይ ደርቆ እንደ ጥፍር ጠንክሯል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ ኮላው ለቀቀ፣ ጠባሳው ቀረ። ኋላ ደግሞ «ዘምዘሙንም አብሬ አጠብኩት ይሆን?» አልኩ። የማደርገው ሁሉ ጥፋት ላይ ጥፋት ሆነብኝ።

ሸህ ከማልን ጠየቅኳቸው። «የተቀጣጠለም ቢሆን ንጹሕ ከሆነ ይሸፍናል፤ ከገበያ የተገዛ አቡጄዲም ይበቃል። ሰውን ጀነት የሚያስገባው ጨርቁ አይደለም» አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው። ግን እሳቸው ልብስ ሰፊ አይደሉም፤ ያንን ቁርጥራጭ ሲያዩት የሚሰማኝ አይሰማቸውም።

እውነቱን ጻፊልኝ ብለሻል፤ ልጻፍልሽ። ደሴ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ውኃው ሳንባዋ ድረስ መጥቷል አለ። ጨው ከልክሏታል፤ እሷ ደግሞ ጨው የሌለው ምግብ ለበሽተኛ ነው እያለች ትጣላኛለች። ተኝታ መተንፈስ ስለማትችል ሁለት ትራስ ደግፌላት ተቀምጣ ነው የምታድረው። ረመዳን ደረሰ፤ «እጾማለሁ» ትላለች፣ «አትጾሚም» እላታለሁ፤ እንዲህ ነው የምንውለው። ውኃ የሚያስወጣው ኪኒን እዚህ ጠፍቷል። ስሙን ከኋላ ጽፌዋለሁ፤ ካገኘሽ እሱን ላኪ።

ቶይባ


ጂዳ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላም ብያለሁ። ረመዳን ስለሆነ በዚህ ቤት በቀን ለሃያ ሰው ይጠበሳል፣ ይቀቀላል፤ እኔ ጾሜን የምፈታው ቆሜ ነው። ኪኒኑን የሦስት ወር ገዝቼ ልኬአለሁ። ማዳም «የዘንድሮ ኡምራ ለአንቺ የለም፣ እንግዳ አለ» አለችኝ። እንዳልለምናት ደከመኝ። ከእኛ አገር የሆነች አንዲት ልጅ በሐጅ ወቅት መካ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ትሠራለች፤ ጨርቁን ገዝቼ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ዘምዘም አስነክታ ትመልስልኛለች፤ እኔ በዓዲላ እልካለሁ። ይኸኛው ሰባት ሜትር ነው። ለእማ ይህን ንገሪልኝና ልቧ ይረፍ።

ስለ እኔ ምን አለች? «ሌላ ጊዜ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ሥራዬን አላሠራ አለኝ።

ረቢአ


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢአ፣

ኢዱ እንዴት አለፈሽ? አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ። እኛ እናትሽን በወንበር ተሸክመን ደጅ አውጥተናት ነበር፤ ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እጇን እየሳመ አለፈ። ኪኒኑ ጠቅሟታል፣ እግሯ ጎደል ብሏል። ይህን ስትሰሚ ብዙ እንዳትደሰቺ፤ ሐኪሙም አልተደሰተም።

የጠየቅሽኝን ልጻፍልሽ። በየካቲት ልጽፈው ነበር፤ ረቢአ መምጣት አትችልም፣ ለምን አቃጥላታለሁ ብዬ ዋጥኩት። አሁን ግን ሁለተኛ ጨርቅ ልትልኪ ነው፤ ዝም ብል ሁለተኛ ጥፋት ማጥፋቴ ነው።

ያን ቀን እግሯ ሥር ተቀምጬ «ተይው» ካለችኝ በኋላ እያለቀስኩ «ረቢአ ሌላ ትልክልሻለች» አልኳት። ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። እንዲህ አለችኝ፣ እንዳለችው ነው የምጽፈው፦

«ጨርቅ እንደሆነ ከሚሴ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ተልኮ ያውቃል? ሐጅ የሄደ ሰው ራሱ ይዞት ይመጣል እንጂ። ነይልኝ ብላት ሥራዋን ጥላ ትቸገራለች፤ አልችልም ብትለኝ ደግሞ ሁለታችንም እናዝናለን። ጨርቅ ካልኳት ይዛ ትመጣለች ብዬ ነበር። ከዓዲላ ሻንጣ ወጣ።»

አልበሙን በከደነችው ቀን እራቷን ያልበላችው ለዚህ ነው ረቢአ። እኔ ስለቆረጥኩት አልነበረም። እኔ ያን ሁሉ ቀን ስተረትርና ሳጥብ፣ እሷ እያየችኝ «ምን ያለፋሻል?» ትለኝ ነበር፤ አልገባኝም።

አልበሙን መልሼ እንድሠራው አዛኛለች። ቁራጩ ሁሉ ወደነበረበት ገጽ ገብቷል፤ አሁን በክር ነው የሰፋሁት፣ ኮላ አላስነካሁትም። «እኔ አፈር ውስጥ ከማበሰብሰው እሷ እየገለጠች ትንካው» ብላለች። ለእሷ ደግሞ አቡጄዲ ገዝቼ አሳይቻታለሁ። በጣቷ ፈትጋ «ይሄ ሳስቷል፣ ወፍራሙን አምጪ» ብላ መለሰችኝ። ወፍራሙን አምጥቻለሁ።

አሁን የምትልኪው ነገር የለም። ኪኒንም፣ ጨርቅም፣ ምንም አትላኪ። ነይም አልልሽም፤ እዚያ ያለውን ሸክምሽን የማውቀው በወሬ ነው። የሰማሁትን ግን ነገርኩሽ።

ቶይባ


ጂዳ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ቶይባ፣

ሰላም ለሁላችሁ። አጭር ነው የምጽፈው፤ ዓዲላ ታች በር ላይ ቆማለች።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግሥቱ ለማዳም የመጨረሻ መውጫ ወረቀት እፈልጋለሁ አልኳት። «በዚህ ወረቀት ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ሰባት ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ «ሐጅ ይለፍና ሂጂ፣ እስከዚያ ሰው ላግኝ» አለች። ይህንንም ያገኘሁት ተለማምጬ ነው። ቀደም ብዬ ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፓስፖርቴ እሷ ዘንድ ነው።

ሰኞ ሰኔ 17 ቦሌ እገባለሁ። እዚያ አድሬ ማክሰኞ ከሚሴ ነኝ። ጨርቁን ለዚያች ለመካዋ ልጅ ሰጠኋት፤ እሷም እናት አላት። እኔ ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ለእማ ቀኑን ንገሪያት፤ በየቀኑ ንገሪያት።

ሞኝ አይደለሁም። አገሬ እንዴት እንደሚያረዳ አውቃለሁ። መናኸሪያው ላይ አጎቴ ዓብዱ ጋቢውን ለብሶ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሴቱ አፉን በነጠላ ይዞ ካየሁ ከመኪናው አልወርድም። እማ ብትኖርም ባትኖርም ብቻሽን ነይልኝ።

ረቢአ


ከሚሴ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢአ፣

አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ይህን ወረቀት ዓዲላ ቦሌ ላይ በእጅሽ ትሰጥሻለች። እኔ ነኝ የላክኋት፤ እንዳትቆጪያት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማ ትናንት ሐሙስ፣ የአስር ሶላት ከመሰገዱ በፊት አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሁለቱን ትራስ ተደግፋ ነበር። «ስንት ቀረ?» አለችኝ፤ «አምስት ቀን» አልኳት። «ብዙ ነው» አለች፤ ከዚያ ውኃ ጠየቀችኝ፤ ሳመጣላት ሄዳለች። አልተሠቃየችም ብዬ አልዋሽሽም፤ ትንፋሹ ከብዷት ነበር። ግን አልፈራችም።

ቀኑን ከነገርኳት ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነበር። ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ «ረቢአ ማክሰኞ ትገባለች» ስትል ሰንብታለች፤ ጎረቤቱ እኔን ሳይሆን እሷን ነው ቀኑን የሚጠይቀው። አልቀረሽባትም እህቴ። እየመጣሽ እያለ ነው የሄደችው፤ እሷም ይህንን አውቃ ነው የሄደችው።

እንጠብቅሽ አልተባለም። ራሴ ነኝ ያጠብኳት፣ ከሴቶቹ ጋር። ወፍራሙን አቡጄዲ ራሴ ቆርጬ ነው ያለበስኳት፤ አሁን ሦስቴ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። ሳይመሽ ቀብሯ በወጉ ሆነ፤ ከጨፋ ሮቢት የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። አጎታችን ዓብዱ ሰምቶ ተቆጥቶኛል። «ትምጣ፣ ቤቷ ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ሰው ይክበባት፤ ከዚያ በጠዋት ይነገራታል። ይሄ ወግ ያለ ምክንያት አልመጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ሌላ ሰው ቢያደርገው እቆጣ ነበር። ግን ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ ሙሉ ቀን መኪና ላይ ተቀምጠሽ፣ ለእሷ የምትይውን በልብሽ እያዘጋጀሽ፣ ሸዋ ሮቢትን ስታልፊ «ደረስኩ» እያልሽ፣ ደስ ብሎሽ መናኸሪያ እንድትወርጂ አልፈለግኩም። ያንን ፊትሽን አይቼ በአፌ ላፈርሰው አልችልም። ይኸኛውን አቅሜ አይችለውም።

መኪናው ውስጥ አልቅሺ። ማንም አያውቅሽም፤ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። ማክሰኞ መናኸሪያው በር ላይ ብቻዬን ነኝ።

ቶይባ